የዋንዛው ሳጥንና የእህቴ ጎታ

ሐይቅ ከተማ ውስጥ ቴፑ ተበላሽቶበት ወደ እኔ ያልመጣ ሰው ካለ፣ ወይ ለአገሩ እንግዳ ነው፣ ወይ ከእኔ ጋር ተኳርፏል። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። ለጉራ ቢሆንስ ምን ችግር አለው? አንድ ቀን እንኳ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ፣ ማንም ይህ እንዲህ ነው ሳይለኝ፣ በአንዲት መበየጃና በሁለት ዓይኖቼ ስንቱን ሬዲዮ ከሞት አስነስቻለሁ። ከደሴ መልስ ተስፋ ቆርጠው ሊጥሉት የነበረውን ይዘው መጥተው፣ እያዘፈኑት የሄዱ ሰዎች አሉ። ሌላው የማይደፍረውን እከፍታለሁ፤ የከፈትኩትንም መልሼ እዘጋለሁ። ከፍቶ መዝጋት የማይችል ጠጋኝ ስንት እንዳለ የሚያውቅ ያውቃል።

በዚህ ሁሉ ዘመን የረታችኝ አንዲት ካሴት ናት። እሷንም የቀዳኋት ራሴ ነኝ። ጎረምሳ ሳለሁ ከሦስት የተጣሉ ቴፖች አንድ የሚሠራ ቴፕ ገጣጥሜ፣ በፎጣ ጠቅልዬ፣ አምባሰል ተራራ ሥር ወደሚደረግ የዘመድ ሠርግ ይዤው ወጣሁ። ድንጋይ ባትሪ ስድስት ነበር የሚጎርሰው። ዳሱ ውስጥ ከአንድ ምሰሶ ጋር አሰርኩትና ታላቅ እህቴ ስትዘፍን ቀዳኋት። አንዱ ገጽ አምባሰል፣ ሌላው ገጽ ባቲ። ክራር የሚመታ አንድ ዘመዳችን አጠገቧ ነበር፤ ድቤውን ግን የምትመታው ራሷ ናት። ድቤዋን ለማንም አትሰጥም ነበር።

እህቴን ላላወቋት ልንገራችሁ። ያኔ ከሐይቅ እስከ ውጫሌ ባለው አገር እሷ ያልዘፈነችበት ሠርግ፣ ሠርግ መባሉ ያጠራጥር ነበር። ድምፅዋ ወፍራም ነው። እንደ ሌሎቹ ሴቶች ከጉሮሮ አይወጣም፤ ከሆድ ነው የሚነሳ። የድቤው ምትና ድምፅዋ ተያይዘው ሲመጡ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ሳያውቀው ትከሻው ይነቃነቃል። አሁን ዕድሜዋ ከሰማንያ አልራቀም። ድምፅዋ ሻክሮ ሻክሮ ካለቀ ብዙ ዓመት ሆኖታል።

ያቺን ካሴት ባገኘሁት ቴፕ ሁሉ አሰምቻታለሁ። በትልቁም በትንሹም። በኋላም ወደ ፍላሽ ገልብጬ አሰምቻታለሁ። መልሷ አንድ ነው።

«ይቺ ደግሞ ማናት?»

«አንቺ ነሽ እኮ እታለም።»

«ወግድ! ይቺ ጆሮዬ ውስጥ የገባች ትንኝ ናት። ድቤዬስ የታለ?»

እውነቷን ነበር። ቴፖቹ ሁሉ ክራሩን ያወጣሉ፣ ቀጭኑን ድምፅ ያወጣሉ፣ ድቤው ላይ ሲደርሱ ግን ጭራሽ እንዳልሰሙ ያልፉታል። ድቤው ሲጠፋ የድምፅዋ ውፍረትም አብሮት ይጠፋል። ካሴቷ ላይ እንዳለ አውቃለሁ፤ ራሴ ነኛ የቀዳሁት! ግን የሚያወጣልኝ አጣሁ።

ባለፈው ኅዳር እህቴ ደሴ ሐኪም ዘንድ ሄዳ ተመለሰች። ቤቷ ስደርስ ደጅ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች።

«እንዴት ሆንሽ?»

«ምን እሆናለሁ። ግራ ጆሮሽ ሄዷል አለኝ። ቀኙ ደግሞ ጓዙን እየጠቀለለ ነው አለኝ።»

«መድኃኒት የለውም አለ?»

«እርጅና መድኃኒት ቢኖረው እሱ ራሱ ራሰ በራ አይሆንም ነበር።» ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ሰፌዱን አስቀመጠችና በዝግታ፣ «እንግዲህ ያቺን ድምፅ ሳልሰማት መቅረቴ ነው» አለች። «ሰው ሁሉ ሰማት። ስዘፍን እኔ ራሴ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ አልሰማሁም።»

ይህን ስትል ደሜ ፈላ። እኔ የሐይቅን ሬዲዮ ሁሉ ያስነሳሁ ሰው፣ የገዛ እህቴ ራሷን ሳትሰማ ጆሮዋ ሊዘጋ? ተነሥቼ ቆምኩና፣ «ወላሂ፣ ረመዳን ሳይገባ አሰማሻለሁ!» አልኳት። ረመዳን ከገባ ዘፈን አትሰማም፤ ከረመዳን በኋላ ጆሮዋ ይኑር አይኑር የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው። ስለዚህ ቀኑ የተቆረጠ ነበር።

«አብሽር» አለችኝ፣ ምስሯን እየለቀመች። እንዳላመነችኝ ያስታውቃል።

ድቤውን የሚያወጣ ትልቅ ስፒከር ፈልጌ አገኘሁ። ወደ ግሸን ተሳላሚ ከሚያመላልስ አውቶቡስ ላይ ሹፌሩ አውልቆ የጣለው ነው። ስፋቱ ከእንጀራ ትንሽ ቢያንስ ነው፤ ማግኔቱ ግን ሁለት ሰው የሚያነሳው ይመስላል። ዙሪያውን የያዘው ስስ ነገር ተበጣጥሶ ነበር። ሌላ ጠጋኝ ቢሆን ይጥለዋል። እኔ የብስክሌት ከመነዳሪ፣ ያን የውስጡን ጎማ፣ ገዛሁና በክብ ቆርጬ፣ ልክ እንደ ቀሚስ ጥልፍ ዙሪያውን ለጠፍኩለት። ከአዲሱ ይበልጥ ሆነ። ባትሉኝም ራሴ እላለሁ።

ችግሩ ሳጥን ነው። ሳጥን የሌለው ስፒከር ወደ ፊትም ወደ ኋላም እኩል ነው የሚጮኸው፤ የፊቱን ድምፅ የኋላው ዞሮ መጥቶ ያጠፋዋል። በተለይ ወፍራሙን። ስለዚህ ኋላውን የሚያፍንለት ሳጥን ያስፈልገዋል። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ ስፒከሩን ባዶውን አስጩሄ፣ ከዚያ ካርቶን ላይ አስቀምጬ አስጩሄ፣ በጆሮዬ የደረስኩበት ነው።

ጎረቤቴ ልብስ ሰፊ ነው፤ ከልጅነት ጀምሮ ጓደኛዬ ነው። እሱ ክርስቲያን፣ እኔ እስላም፤ ፋሲካውን ከእሱ ጋር፣ ዒዱን ከእኔ ጋር አብረን የኖርን ነን። ምላሱ ግን ከመቀሱ ይብሳል። ሱቆቻችን የሚለያዩት በአንድ ላሜራ ነው።

«የእኔን የመኪና ሳጥን ልስጥህ?» አለኝ። የስፌት መኪናው የመጣበት የእንጨት ሳጥን ነው።

«እሱ ለአንተ መኪና ነው የተሠራ።»

«አሮጌ ፍሪጅስ? ቤንዚን ማደያው ጓሮ ወድቋል።»

«ፍሪጅ ድምፅ ያቀዘቅዛል» አልኩት፤ እሱም ይህን ለሦስት ቀን ለመጣ ደንበኛ ሁሉ ሲያወራ ሰነበተ።

እኔ ግን የራሴ ሐሳብ ነበረኝ። ክራሩን አየሁ፣ ማሲንቆውን አየሁ፣ ከበሮውን አየሁ። እነዚህ ሁሉ ከምን ተሠሩ? ከእንጨት። ከበሮ ከምን ይቦረቦራል? ከዋንዛ። ዋንዛ ይዘፍናል! እንግዲያውስ ስፒከሬን የዋንዛ ሳጥን ውስጥ ባስቀምጠው ሳጥኑም አብሮት ይዘፍንለታል፤ አንዱ ድምፅ ሁለት ይሆናል። ይህ ሐሳብ የመጣልኝ ቀን ምሳዬን መብላት አቃተኝ። ቀጥታ ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ ውጫሌ ወረድኩ።

ውጫሌ ገበያ ዳር ከበሮም በርጩማም የሚሠራ አናጢ አለ። የዋንዛውን ሳንቃ አሳየኝ። በጣቴ ቆረቆርኩት። ትንንን… አለ። ልቤ ዘለለ።

«ይሄን በጣም ስስ አድርገህ ላገው» አልኩት።

«ለምንድን ነው?»

«ለስፒከር ሳጥን።»

መላጊያውን አስቀመጠ። «አባባ፣ ደሴ ያሉት እኮ ለዚህ ወፍራም ችፑድ ነው የሚጠቀሙ።»

«ችፑድ የእንጨት ፍርፋሪ ነው። ፍርፋሪ ሲዘፍን ሰምተህ ታውቃለህ?»

አሰበ። «አልሰማሁም» አለ።

«በቃ።»

ሳጥኑ አምሮ ወጣ። ቀለም አልቀባሁትም፤ ዋንዛ የራሱ ቡናማ አለው። ሚኒባሱ ጣራ ላይ ስንጭነው ረዳቱ፣ «አባባ፣ ንቡ አሁንም ውስጡ ነው እንዴ?» አለኝ። ቀፎ መስሎት ነው። ሐይቅ እስክንደርስ አልመለስኩለትም።

ሱቄ ውስጥ ስፒከሩን ገጠምኩት። እህቴን በባጃጅ አስመጣኋት። ልብስ ሰፊው ሥራውን አቁሞ መጣ፤ ከመንገድ የቆመም ሰው ነበር። ፍላሹን ሰክቼ አምባሰሉን ለቀቅኩት።

መጀመሪያ ላይ ደስ ይል ነበር፤ ልዋሽ አልችልም። ክራሩ ጠርቶ መጣ። ከዚያ አንዲት ድምፅ አለች፤ አምባሰል ውስጥ ደጋግማ የምትመለስ፣ ዝቅ ብላ የምታርፍባት። ክራሩ እሷን ሲነካ ሳጥኑ «ዉዉዉዉ!» ብሎ ጮኸ። ሌላ ድምፅ ሲመጣ ዝም። እሷ ስትመለስ «ዉዉዉዉ!» እህቴ ቀኝ ጆሮዋን ወደ ሳጥኑ አስጠግታ አዳመጠች። ሁላችንም ፊቷን እናያለን።

«ይቺ ላም የማን ናት?» አለች በመጨረሻ።

ዞር ብላ ወደ መንገዱ አየች።

«ጥጃዋ ሞቶባታል መሰለኝ። ባለቤቷን ፈልጉላት።»

ሳቁ አስፋልቱ ማዶ ተሰማ። እኔ በጥድፊያ ወደ ባቲው ቀየርኩት። እዚያ ያቺ ድምፅ የለችም፤ ሳጥኑ ጨዋ ሆኖ ተቀመጠ። «ይኸው!» አልኩ። «ይኸው ጥሩ ነው!»

ልብስ ሰፊው ሳጥኑን እየዞረ አየው። «ገባኝ» አለ። «ሳጥንህ የተወለደው ባቲ ነው። አምባሰል ሲዘፈን ይከፋዋል። አንተ ሰውዬ፣ ውጫሌ፣ አምባሰል ወረዳ ድረስ ሄደህ ባቲኛ ሳጥን ይዘህ መጣህ?»

ከዚያ ቀን በኋላ ሰው ሰላም ሲለኝ «ባቲኛው እንዴት ነው?» ነበር የሚለኝ። ያም አልከፋኝም። የከፋኝ እህቴ ስትወጣ ያለችው ነው። ባጃጁ ውስጥ እንደ ተቀመጠች ቀኝ ጆሮዋን በመዳፏ ደፍና ከፈተች፤ ደፍና ከፈተች። «ግዴለም» አለችኝ። «አንተ ሞክረሃል።»

ሞክረሃል! ይህ ቃል ለእኔ አይባልም።

ሦስት ቀን ሱቄን ዘግቼ ከዋንዛው ጋር ተፋጠጥኩ። በሦስተኛው ቀን ገባኝ፤ ሲገባኝ ደግሞ ብቻዬን አጨበጨብኩ። ክራር መዝፈን አለበት፤ ከበሮ መዝፈን አለበት። ምክንያቱም ዘፋኞቹ እነሱ ናቸው። እዚህ ግን ዘፋኙ ስፒከሩ ነው! ሳጥኑ አብሬ ልዝፈን ካለ የራሱ አንድ ድምፅ አለችውና እሷ በመጣች ቁጥር ይጮሃል። ሳጥን መሆን ያለበት ድዳ ነው። ሲቆረቁሩት የማይመልስ። ዓለም ላይ ያለውን ነገር ሁሉ የመረጥኩት በተቃራኒው ኖሯል።

እናም ድዳ ነገር ፍለጋ ወጣሁ። በር ቆረቆርኩ፣ በርሜል ቆረቆርኩ፣ የሻይ ቤት ጠረጴዛ ቆረቆርኩ። ሐይቁ ዳር ወርጄ ዓሣ አጥማጆቹ ደረቅ ላይ የጎተቱትን ጀልባ ሁሉ ቆረቆርኩ። አንዱ፣ «አባባ፣ ሰው የለም፤ ነገ ይምጡ» አለኝ። ሁሉም ነገር ይመልሳል። ላሜራው ይንጫረራል፣ ጣውላው ይንጓጓል፣ ፕላስቲኩ ያላግጣል። ችፑዱን እንኳ ሞክሬዋለሁ፤ የአናጢው ነገር ትዝ ብሎኝ አፈርኩ እንጂ የተሻለ ነበር። ግን እሱም ጨርሶ ድዳ አይደለም።

አንድ ከሰዓት እህቴ ቤት ተቀምጬ ሻይ ስጠጣ እጄ እንደ ልማዱ ከኋላዬ ያለውን ነገር ቆረቆረ። «ዱፕ» አለ። አለቀ። ሌላ ምንም የለም። ደግሜ ቆረቆርኩ። «ዱፕ።» ዞርኩ። ጎታዋ ነው።

ጎታ ለማያውቅ የዛሬ ሰው፣ ከጭቃና ከጭድ የሚሠራ የእህል ማስቀመጫ ነው። ግድግዳው የእጅ መዳፍ ያህል ይወፍራል፤ ሆዱ ሰፊ፣ አፉ ጠባብ፣ ማዕዘን የሚባል የለውም። አሁን እህል በማዳበሪያ ስለሚቀመጥ ጎታ ያለው ቤት እያነሰ ነው። ይህን የእህቴን ትንሽ ጎታ ራሷ ናት ሙሽራ ሆና ስትገባ በእጇ የሠራችው። ለዓመታት ባዶውን ቆሟል።

አቀፍኩት። እውነቴን ነው፣ በሁለት እጄ አቀፍኩት።

«ያረቢ!» አለች እህቴ። «አበድክ?»

«እታለም፣ ይሄን ጎታ ስጪኝ!»

«ምን ልታደርግበት?»

«አንቺን ላስገባበት!»

በአፉ በኩል ውስጡን አየች። ከዚያ፣ «ባዶ ነው፤ ውሰደው» አለች። ግን አልወሰድኩም፤ እዚያው ልሠራው ብዬ በሚቀጥለው ቀን የብረት መጋዝ ይዤ መጣሁ። ሆዱ ላይ በከሰል ክብ ሳልኩ። ጭቃው እንደ ድንጋይ ደርቋል። ትንሽ በትንሽ ገዘገዝኩ። ሩቡን ክብ ጨረስኩ፤ ግማሹን ጨረስኩ፤ ላቤ ጎታው ላይ ይንጠባጠባል፤ በልቤ አዲስ የምናገረውን ጉራ እያዘጋጀሁ ነበር። በዚህ መሐል «ቀጭ» አለ። ከክቡ ተነሥቶ አንድ ስንጥቅ ወደ ላይ ወደ አፉ፣ አንድ ስንጥቅ ወደ ታች ሮጠ። ጎታው እንደ ሎሚ ለሁለት ተከፈለና አንዱ ወገን መሬት ላይ ወደቀ።

ፊቷን ማየት አልቻልኩም። የሙሽርነቷ ጎታ ነው። መጋዙን ይዤ እዚያው ተንበረከክሁ።

ከኋላዬ ሳቅ ሰማሁ። የሻከረ፣ ትንፋሽ የሚያጥረው ሳቅ።

«አንተ የተማርክ ሰው!» አለችኝ። «ደረቅ ጭቃ በመጋዝ?»

«ታዲያ በምን ይቆረጣል?»

«አይቆረጥም! ቀዳዳ የሚተውለት እርጥብ ሆኖ ሲሠራ ነው። የጎታ አፍ በመጋዝ የተቆረጠ መስሎህ ነው?»

«ይሄን በምን አውቃለሁ?»

«እኔን አትጠይቅም ነበር?»

እዚህ ላይ መጋዙን መሬት አስቀመጥኩ። ሬዲዮ ማንም አላስተማረኝም። መበየድ ማንም አላስተማረኝም። ማንበብ እንኳ ከሱቅ ሰሌዳና ከሳጥን ላይ ጽሑፍ ነው የለቀምኩት። ይህን ስናገር ነው የኖርኩት። አሁን ግን ረመዳን ሊገባ አምስት ሳምንት ቀርቶታል፤ የእህቴም ጆሮ ከኔ ኩራት ቀድሞ ነው የሚሄደው።

«እታለም፣ አስተምሪኝ» አልኳት።

«ምን አልክ? በዚያኛው ጆሮዬ ነው የተናገርከው።»

ሰምታለች። ወላሂ ሰምታለች። ግን ዞሬ በቀኙ በኩል ደገምኩላት።

ከዚያ የሆነውን ሳስታውሰው አሁንም ደስ ይለኛል። የኩይሳ አፈር በባጃጅ አስጫንኩ። የጤፍ ጭድ አመጣሁ፤ እበት ከጎረቤት ለመንኩ። የተሰበረውን ጎታ ወቅተን አፈሩ ውስጥ ጨመርነው፤ ይህም የእሷ ትእዛዝ ነው። «አሮጌው አዲሱን ይይዘዋል» አለች። ጭቃው ውሃ ጠጥቶ ለቀናት ተቀመጠ፤ በየቀኑ በእግሬ ረገጥኩት። ሱቄን ዘግቼ ጭቃ ስረግጥ ልብስ ሰፊው ሊያየኝ መጣና አጥር ላይ ተደግፎ፣ «ባቲኛውን ትተህ ጭቅኛ ጀመርክ?» አለኝ። «ግባና እርገጥ» አለችው እህቴ። ሱሪውን ሰብስቦ ገባ።

ጎታ በአንድ ቀን አይቆምም። በቀን አንድ ስንዝር ያህል ይነሣል፤ ያ እስኪጠነክር ይጠበቃል፤ ከዚያ በላዩ ይቀጠላል። እሷ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ትሠራለች፤ እኔ ጭቃ አቀብላለሁ። አንድ ጊዜ እኔ ልሥራ ብዬ ስጀምር መዳፌን በጥፊ መታችው። «ይሄ እጅ ለሽቦ ነው የተፈጠረ» አለች። የእሷ እጅ ግን! ጣቶቿ ተጣምመዋል፤ ጭቃው ላይ ሲያርፉ ግን ዕድሜያቸውን ይረሳሉ። ውስጡን በአንድ እጅ፣ ውጭውን በሌላው እየዳበሰች ታወጣዋለች፤ ሳይለካ ልኩን ይመጣል።

ሆዱ ላይ ስንደርስ የስፒከሩ ቀዳዳ ጉዳይ መጣ። እዚህ ላይ እንግዲህ እኔ አለሁ! የዋንዛውን ሳጥን አፈረስኩና ፊቱን፣ ስፒከሩ የተገጠመበት ክብ ቀዳዳ ያለበትን ሳንቃ፣ እንደ ቀለበት ቆረጥኩት። እርጥቡ ጭቃ ውስጥ ቀበርነው። የስፒከሩ ብሎኖች ዋንዛውን ይነክሳሉ፤ ዋንዛውን ጭቃው ይነክሰዋል፤ አንቆ ስለያዘውም መዝፈን አይችልም። ባቲኛው ድዳ ሆኖ ሥራ አገኘ። ይህን ያሰብኩት እኔ ነኝ። እህቴም አልካደችም።

የተጣላነው ታች ነው። ሥራው ካለቀ በኋላ በርጩማዋ በነበረበት በኩል ዞሬ ሳየው ከግርጌው፣ መሬት ሊነካ ሲል፣ የቡጢ ያህል ቀዳዳ ትታለች። የእህል መውጫው ነው። እህል ከላይ ይገባል፣ ከታች በዚያ ይቀዳል፤ ካልተቀዳ በጨርቅ ይወተፋል።

«ይሄንን ድፈኚው!» አልኳት። «የስፒከር ሳጥን አየር አያወጣም።»

«ጎታ መውጫ ከሌለው እህሉ በየት ይወጣል?»

«እህል የለበትም እኮ እታለም!»

«ጎታ ሥሪ አልከኝ፤ ጎታ ሠራሁ። መውጫ የሌለው ጎታ ሠርቼ አላውቅም።»

ከእሷ ጋር መከራከር አይቻልም። ሲደርቅ በአሮጌ ጨርቅ ጠቅጥቄ ወተፍኩት። አፉንም ክዳን አድርጌ ዙሪያውን በእበት መረግሁት። የበጋ ፀሐይ አላህ ይስጠው፣ በሦስት ሳምንት አጥንት አደረገው። ቆረቆርኩት። «ዱፕ።»

ረመዳን ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ከአሱር ሰላት በኋላ፣ ስፒከሩን ቀለበቱ ላይ አስሬ ሽቦውን ዘረጋሁ። ልብስ ሰፊው ነበር፤ ሌላ ሰው አልጠራሁም። ከላሟ በኋላ ትንሽ ተምሬያለሁ። እህቴ በርጩማዋን ጎታው አጠገብ አድርጋ ቀኝ ጆሮዋን አዞረች። አምባሰሉን ለቀቅኩት።

ክራሩ መጣ። ያቺ ድምፅ መጣች፤ ትንፋሼን ያዝኩ፤ አለፈች። ምንም የለም! ላሟ የለችም! ልብስ ሰፊው በእጁ አፉን ያዘ። የእህቴ ድምፅ ጀመረ፤ ጠርቶ፣ ቆሞ፣ ያለ ምንም ጩኸት። እጄን ወደ ላይ አንሥቼ «አላሁ አክበር!» አልኩ።

እሷ አልተነቃነቀችም። አዳመጠች፣ አዳመጠች።

«ጥሩ ነው» አለች። «ይቺ ልጅ እኔን ትመስላለች።»

«ትመስላለች?»

«ትመስላለች። ድቤው ግን ሩቅ ነው። ከሐይቁ ማዶ ነው የሚመቱት።»

እጄ ወረደ። ልክ ነበረች። ድቤው ነበር፤ ግን ታፍኗል፤ ብርድ ልብስ ውስጥ እንዳለ ነው። ድምፁን ከፍ ባደርግ ክራሩ ይጮሃል እንጂ ድቤው አይቀርብም። ምን ቀረኝ? ሦስት ቀን። ራሴን ይዤ ቆምኩ።

እህቴ ዘፈኑ እየሄደ ጎንበስ አለች። እንደ ድሮዋ፣ እህል ልትቀዳ እንደምትጎነበሰው። የወተፍኩትን ጨርቅ ጫፉን ያዘች።

«ተይው!» አልኩ።

«አንቀህ ይዘኸው በየት ይናገር?» ብላ መነጨቀችው።

ድቤው መጣ።

እንዴት አድርጌ ልጻፈው? ከታች መጣ። ከመሬት መጣ። ደረቅ ጭቃው ላይ የነበረው አቧራ ከቀዳዳው ፊት ተነሥቶ በረረ። የልብስ ሰፊው ትከሻ ሳያውቀው ተነቃነቀ፤ በዓይኔ አየሁት። ከድቤው ጋር ድምፅዋ ወፈረ፤ ያ ከሆድ የሚነሳው ድምፅ፣ ምሰሶው ሥር ተቀምጬ የሰማሁት ድምፅ፣ እንዳለ ክፍሉ ውስጥ ቆመ። ቀዳዳው የኋላውን ትንፋሽ ይዞ፣ አዘግይቶ፣ ከፊተኛው ጋር አስማምቶ ነው የሚያወጣው። ይህን በኋላ ተቀምጬ ደርሼበታለሁ። ያን ጊዜ ግን ማሰብ የሚችል ሰው አልነበረም።

እህቴ መዳፏን ቀዳዳው ፊት ዘረጋች። በእያንዳንዱ ምት አየሩ መዳፏን ይመታዋል። ሌላው እጇ ጎታው ሆድ ላይ አረፈና መምታት ጀመረ። ዘፈኑን አልተከተለችም፤ ቀደመችው። ምቱ ከመምጣቱ በፊት እጇ ይደርሳል፤ የሚመጣውን ታውቀዋለች።

«ይሄ የእኔ መዳፍ ነው» አለች። ቀጥላ ጮክ ብላ፣ በዚያ በሻከረው ድምፅ፣ «እኔ ነኝ! ሰማችሁ? እኔ ነኝ!»

«አንቺ ነሽ እታለም» አልኳት። በግራ ጆሮዋ በኩል ነበርኩ። ልብስ ሰፊው በእኔ ፈንታ በቀኟ ጮኸላት።

በእነዚያ ሦስት ቀናት ስንት ጊዜ እንዳሰማኋት አልቆጠርኩም። ባቲውንም ሰማች። ጎረቤት ሴቶች መጡ፤ ያኔ የነበሩትም ያልነበሩትም። ለመጣው ሁሉ ሥራውን የማስረዳው እኔ ነኝ፤ ስለ ዋንዛው ቀለበት፣ ስለ ድዳው ግድግዳ፣ ስለ ሁሉም። ስጨርስ እሷ ከበርጩማዋ ላይ፣ «መውጫውንስ ማን ተወለት?» ትላለች። «አንቺ» እላለሁ። በየቀኑ አስባለችኝ። ደግሞ ደስ ብሎኝ አልኩት።

በመጨረሻው ቀን፣ ፀሐይ ልትገባ ስትል፣ ልጆች ጨረቃ ለማየት ወደ ሐይቁ በኩል ሲሮጡ ዘፈኑን አጠፋሁ። እህቴ መዳፏን ከቀዳዳው ፊት ሳታነሳ ትንሽ ቆየች። ከዚያ ያን አሮጌ ጨርቅ ከመሬት አነሣች፣ አራገፈችው፣ በጥንቃቄ ጠቅልላ መውጫውን ወተፈች።

«ለምንድን ነው?» አልኳት።

«እንዳይፈስ» አለች። «ለዒድ እንቀዳለን።»